የሾፌሩ አውራ በግ

መቀስ ዘመን የምትቆጥረው በጥርስ ነው። በሰው ጥርስ አይደለም፣ በበግ። ልጅሽ መቼ ነው የተዳረችው ብላችሁ ብትጠይቋት ዓመቱን አትነግራችሁም። "ያቺ ፊተ ጥቁሯ በግ አራት ጥርስ የሆነች ጊዜ ነዋ!" ትላለች፤ ሰሚው ግራ ገብቶት ሲያያት ደግሞ ትበሳጫለች። ለእሷ ነገሩ ግልጽ ነው። ግልገል አንድ ዓመት በወተት ጥርሱ ይከርማል። ከዚያ ከፊት ሁለት ትልልቅ ጥርስ ያወጣል፤ በየዓመቱ ሁለት ሁለት እየጨመረ አፉ ይሞላል። ከሞላ በኋላ የቀረው መርገፍ ብቻ ነው። ጥርሱ የረገፈ በግ ድርቆሽ አያኝክም፣ ድርቆሽ የማያኝክ በግ ብርዱን አይወጣውም። ስለዚህ በየዓመቱ ዝናቡ አባርቶ ብርዱ ሊገባ ሲል መቀስ በጎቿን አንድ በአንድ በጉልበቷ መሃል ይዛ፣ ከንፈራቸውን በአውራ ጣቷ ገልጣ ታያለች። አፋቸው ያላለቀውን ወደ ቀኝ፣ ያለቀውን ወደ ግራ። ወደ ግራ የወጣች በግ ወደ መንጋው አትመለስም።

የምታርደውም ራሷ ናት። ቀኑን ሙሉ ታርዳለች፤ ከጎተራው ጀርባ ያለው ሲሚንቶ ቀልቶ ይውላል፣ ማታ በባልዲ ውሃ ታጥበዋለች። አታለቅስም፣ አትጸልይም፣ ይቅርታም አትጠይቅም። "በቢላዋ አንድ ጊዜ ይሻላል በርሃብ ሁለት ወር?" ትላለች።

መቀስ የወጣላት ስም ነው። ግማሹ ሰው በግ ሸላች ስለሆነች ነው ይላል፣ ግማሹ ደግሞ ምላሷን አይቶ ነው ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። በአንድ ቀን ሠላሳ በግ ትሸልታለች፣ በዚያው ቀን ሠላሳ ሰው ትሰድባለች። እጆቿ በቀንድ፣ በሽቦና በስለት የተተለተሉ ናቸው። የግራ እጇ ትንሿ ጣት ከብዙ ዓመት በፊት በአንድ አውራ በግና በበር መቃን መካከል ቀርታለች። "ዘጠኝ ጣት ለሥራም ለስድብም ይበቃል" ብላ ትስቃለች።

እርባታውን የወረሰችው ከአባቷ ነው። ሰውዬው ምክር የሚባል ነገር አያምንም፣ የሚያስተምረው በዱላ ነበር። ስለ በግ የምታውቀውን ሁሉ በጀርባዋ ነው የተማረችው ብል ማጋነን አይደለም። አንዱን ትምህርት ግን ያለ ዱላ ሰጣት። አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። እጇን ይዞ አጎቷ ወደተኛበት ክፍል አስገባትና ብርድ ልብሱን ገለጠው። የአጎቷ ደረት ወደ ውስጥ ገብቷል። አጎቷ ራሱ በጡጦ ያሳደገው አውራ በግ ነው የመታው።

"እይው" አላት አባቷ። "በጡጦ ያደገ ወንድ በግ ሰው አይፈራም። ሰውን የሚያየው እንደ አቻው ነው፣ አቻውን ደግሞ ይገጫል። በጡጦ ካሳደግሽ ገና ግልገል ሳለ አኮላሺው፣ ካልሆነ እረጂው። ሌላ መንገድ የለም። ሁለተኛ፦ ዞሮ ጀርባውን ሰጥቶሽ ከሮጠ ፈርቶሻል። ፊቱን ሰጥቶሽ ወደ ኋላ ካፈገፈገ ግን ሊገጭሽ ነው።"

አጎቷ በማግስቱ ሞተ። መቀስ ትምህርቱን ያዘችው፤ ለአርባ ስድስት ዓመትም አልረሳችውም።

ባሏ ሾፌር ነው። የሕዝብ አውቶቡስ ሠላሳ አንድ ዓመት ነድቶ ሰው አልገጨም፣ ዶሮ እንኳ አልረገጠም። በዚህ ሁሉ ዓመት ቤቱ የሚያድረው በሳምንት ሁለት ቀን ስለነበር መቀስ እርባታውን ብቻዋን ያዘችው፣ ሴት ልጃቸውንም ብቻዋን አሳደገች። ጡረታ ወጥቶ ለዘለቄታው ሲገባ እንደ እንግዳ ነው የተቀበለችው። ለስላሳ ሰው ነው፤ ቁጣ አያውቅም። በጎቹን ወደ በረት ሲያስገባ በር ላይ ቆሞ "ጠጋ ጠጋ በሉ! እባካችሁ ለሌላው ቦታ ልቀቁ!" ይላቸዋል።

"በግ ትኬት አይቆርጥም!" ትጮህበታለች መቀስ። "ዱላውን ያዝ!"

እሱ ግን ዱላ አይይዝም። እርድ በሚሆንበት ቀን ወጥ ቤት ገብቶ ሬዲዮውን እስከ ጥግ ከፍቶ ዕቃ ያጥባል። የታጠበውን ደግሞ ያጥባል።

እሱ በገባበት ዓመት ዝናቡ ሲጀምር አንዲት እናት በግ ምጥ ላይ ወደቀች። ጭቃ ውስጥ ተጋድማ ቀኑን ሙሉ አቃሰተች። መቀስ እጇን እስከ ክርኗ አስገብታ ብትፈልግም ግልገሎቹ ተቆላልፈዋል። የበጓ ትንፋሽ ቀጥ ሲል መቀስ አልተከዘችም፤ ቢላዋዋን ከወገቧ መዝዛ ሆዷን ከዳር እስከ ዳር ቀደደችው። ደሙና ውሃው ጫማዋ ላይ ተደፋ። የመጀመሪያው ግልገል ሞቷል፣ ወረወረችው። ሁለተኛውን በኋላ እግሮቹ ይዛ በአየር ላይ ሦስት ጊዜ አሽከረከረችው፤ ከአፍንጫው ዝልግልግ ነገር ወጣና አስነጠሰ።

ሾፌሩ ጃንጥላ ይዞ አመድ መስሎ ቆሟል።

"ምን ትገተራለህ? ያዝ! እሸው!"

ግልገሉን ደረቱ ላይ ጣለችለት። ሾፌሩ ጃንጥላውን ጥሎ በኮቱ ጠቅልሎ አሸው፣ አሸው፣ አሸው። ግልገሉ አንዴ "ምእ" ሲል ሰውዬው ተንሰቅስቆ አለቀሰ። መቀስ ምጥ ወደያዛት ሌላ በግ ሄዳ ነበር።

ከዚያ በኋላ ግልገሉ ኑሮው ወጥ ቤት ሆነ። ምድጃ ሥር ካርቶን ውስጥ ተኛ፣ በየሦስት ሰዓቱ ጡጦ ጠባ። ሾፌሩ ከሄደበት ይሄዳል፣ ከቆመበት ይቆማል፤ በር ሲከፈት ከሁሉ ቀድሞ ደፉ ላይ ዘሎ ይቆማል። ሾፌሩም "ረዳቴ" አለው። የአውቶቡስ ረዳት በር ላይ እንደሚንጠለጠለው ነዋ። ስሙ በዚያው ጸና።

ግልገሎቹ ሦስት ሳምንት ሲሞላቸው ወንዶቹ የሚኮላሹበት ቀን ደረሰ። መቀስ ረጅም እጀታ ያለውን የብረት መቆንጠጫ ይዛ ሃያ ሦስቱን ወንድ ግልገሎች ተራ በተራ ያዘች። ብረቱ ሲገጥም ቅስስ የሚል ድምፅ አለው። ግልገሉ ይጮሃል፣ ይወድቃል፣ ይንፈራገጣል፣ ቆይቶ ተነስቶ ወደ እናቱ ያነክሳል። ሃያ ሁለቱን ጨረሰች። ሃያ ሦስተኛውን ሾፌሩ አቅፎታል።

"አምጣው።"

"ይሄን ተይልኝ።"

"ምን አልክ?"

"ይሄን ብቻ። አንድ እሱን።"

"አጎቴን ነግሬሃለሁ። ደረቱን በዓይኔ አይቻለሁ።"

"ነግረሽኛል" አላት። "ግን አንቺ፣ እኔ በዕድሜዬ ምን ለምኜሽ አውቃለሁ?"

እውነቱን ነው። በሠላሳ አራት ዓመት ትዳር ሰውየው አንድ ነገር ለምኗት አያውቅም። እውነት ከተነሳ ደግሞ መቀስም ዓይኗ ግልገሉ ላይ ነበር። ደረቱ ሰፊ፣ ወገቡ ቀጥ ያለ፣ እግሩ እንደ ምሰሶ። የመንጋው አውራ በግ አፉ እያለቀ ነው፤ ተተኪ ያስፈልጋታል። ግማሹ ፍቅር፣ ግማሹ ስስት ነበር። መቆንጠጫውን ባልዲው ውስጥ ጣለችው።

ሣሩ ረዘመ፣ ግልገሎቹ ጡት ጣሉ፣ ዝናቡ አባራ። ረዳት ቀንዱ በቆለ። ሾፌሩ ከበረቱ ፊት ቁጢጥ ብሎ መዳፉን ግንባሩ ላይ አድርጎ ይገፋዋል፣ ግልገሉም መልሶ ይገፋዋል፤ ሰውዬው በጀርባው ተዘርሮ ይስቃል።

"ግንባሩን አትንካ!" ትለዋለች መቀስ። "ውጊያ እያስተማርከው ነው!"

"ጨዋታ ነው እኮ።"

"ለአንተ ነው ጨዋታ! እሱ ሥራ ላይ ነው!"

ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ብርዱ ገባ፣ አፋቸው ያለቀ በጎች ታረዱ፣ ብርዱ ወጣ፣ ሙቀቱ መጣ፣ መቀስ መንጋውን ሸለተች። ዝናቡ ተመልሶ ሲመጣ የረዳት የመጀመሪያ ግልገሎች ተወለዱ፤ ሁሉም ሰፊ ደረት፣ ሁሉም ቀጥ ያለ ወገብ። መቀስ በልቧ ደስ አላት፣ የአባቷንም ቃል ለአንድ ክረምት ወደ ጎን አለችው። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባል የለ? እዚህ ቤት መካሪዋም ተመካሪዋም አንድ ሰው ነበረች።

በቀጣዩ ብርድ ረዳት ሁለት ጥርስ ሆነ። አንድ ጠዋት ሾፌሩ የውሃ ባልዲ ተሸክሞ በረቱን ሲያቋርጥ ረዳት ከኋላው መጣ። መቀስ ከጎተራው ሆና ድምፁን ሰማች፤ እንጨት የሚሰበር መሰላት። ስትወጣ ባሏ በፊቱ ተደፍቶ በክርኖቹ ይዳክራል፣ በጉ ደግሞ ለሁለተኛው ወደ ኋላ እያፈገፈገ ነው።

አካፋ አነሳች። ረዳትን ፊቱ ላይ መታችው። ራሱን ነቀነቀ እንጂ አልወደቀም። ደገመችው፣ ሠለሰችው፤ ቅንድቡ ተሰንጥቆ ደም ዓይኑን ሞላው። የአካፋው እጀታ ሲሰበር በስባሪው ወጋችው። በመጨረሻ ዞሮ ሮጠ። አሳዳ የድሮው ድንጋይ በረት ውስጥ አስገብታ ዘጋችበት፣ ከዚያ ተመልሳ ባሏን አነሳች። የዳሌው አጥንት ለሁለት ተከፍሎ ነበር።

ሐኪም ቤት ብረት አስገቡለት። ቤት በተመለሰ ቀን መቀስ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ቢላዋዋን መሳል ጀመረች። ሾፌሩ ከአልጋው ሆኖ ድምፁን ሰማ።

"ለማን ነው?"

"ታውቃለህ ለማን እንደሆነ።"

ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሎ "ያስተማርኩት እኔ ነኝ" አላት። "አንቺ አትንካ ስትዪኝ የገፋሁት እኔ ነኝ። ለእኔ ጥፋት እሱ ይታረዳል?"

"አንተንማ አላርድህ!"

አልሳቀም። እንባው በጆሮ ግንዱ እየወረደ ትራሱን አራሰው፣ አልጠረገውምም። ያቺ በአንድ ቀን አሥራ አራት በግ የምታርድ ሴት በአንድ ሽማግሌ እንባ ተሸነፈች። አታርደውም፤ ታኮላሸዋለች። ሙክት ይሆናል፣ ይሰባል፣ ይበርዳል።

የከብት ሐኪሙን አስጠራች። ወጣት ነው፣ ቁምነገረኛ።

"እትዬ፣ አሁን ቢኮላሽ ዘሩ ይቋረጣል" አላት። "ጠባዩ ግን አብሮት አድጓል። ቀስ በቀስ የሚበርድ አለ፣ ጭራሽ የማይበርድም አለ። እኔ ብሆን አርደዋለሁ።"

"አንተማ ሚስት አላገባህ፣ ባል አላስቀየምክ፣ ምን አለብህ! ገመዱን ያዝ።"

አራት እግሩን ጠፍረው ጣሉት። ያደገ አውራ በግ እንደ ግልገል አይደለም፤ ብረቱ አንዴ አይበቃውም። መቀስ በእጀታው ላይ በሙሉ ክብደቷ ተጫነች፣ ረዳት ከሆዱ ውስጥ ጮኸ፤ ሾፌሩ በቤቱ ውስጥ ሬዲዮውን ከፈተው። በሌላኛው ወገን ደገመችው። ሲፈቱት ለሰዓታት ግድግዳ ተደግፎ ቆመ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ መቀስ ለበጉ ትምህርት ቤት ከፈተችለት፤ አባቷ የከፈተላትን ዓይነት። በየጠዋቱ ድርቆሽ ይዛ ትገባለች፣ በሌላ እጇ ዱላ። ቀና ቢል ትመታዋለች፣ ግንባሩን ቢሰጣት አፍንጫው ላይ ታሳርፍበታለች። ሙቀቱን ሙሉ መታችው፣ ዝናቡን ሙሉ መታችው። በዝናቡ መሃል በሩ ሲንኳኳ ወደ ጥግ መሸሽ ለመደ። ዝናቡ ሊያበቃ ሲል ዱላውን ማንሳት እንኳ አላስፈለጋትም፤ እጇ ከፍ ሲል ጀርባውን ሰጥቶ ይሮጣል። አንገቱ ሰብቷል፣ ዓይኑ ፈዝዟል። አራት ጥርስ አውጥቶ የቤት ድመት የሆነ መሰላት።

ሾፌሩስ? ሾፌሩ ያንን ዝናብ በመስኮት ነው የጨረሰው። በምርኩዝ መሄድ ቢጀምርም ሰውነቱ አልቋል፣ ኮቱ ትከሻው ላይ ተንጠልጥሏል። ከሰዓት በኋላ እያነከሰ የድንጋይ በረቱ ግንብ ጋ ይሄድና በላዩ ላይ ተደግፎ ያያል።

"ልግባ?" ይላታል።

"ገና ነው።"

በማግስቱ "ልግባ?" ይላል። "ገና ነው።" ሳርም ደረቀ፣ ድርቆሹም ታጨደ፣ እሱ ያችኑ ይጠይቃል። ሌላ የሚፈልገው አልነበረውም። መቀስ ፊቱን ስታይ ሆዷ ይባባል። ይሄ ሰው ብርዱን አይወጣውም ብላ ፈራች፤ ደስ የሚለው ነገር ካላገኘ አይወጣውም። ያቺ የበጎችን ሁሉ ብርድ አስቀድማ የምታውቅ ሴት በባሏ ላይ ስትፈርድ እንዲህ ነበር ስሌቷ።

ብርዱ ጠንቶ በረዳት ፋንታ የተገዙት ሁለት አውራ በጎች ወደ እናት በጎቹ የሚለቀቁበት ቀን መጣ። ማለዳ ነው፣ መሬቱ አመዳይ ለብሷል። በወዲያኛው መስክ ሁለቱ ሲጋጩ ጓ! ጓ! የሚለው ድምፅ እስከ ግቢው ይሰማል። መቀስ ድንጋዩ በረት ገባች። እጇን አነሳች፣ ረዳት ዞሮ ሮጠ። ቀረብ አለችው፣ ጥግ ተለጥፎ ተንቀጠቀጠ። በእግሯ ጎኑን መታችው፣ ጀርባውን ሰጣት። ሦስት ጊዜ ፈተነችው፣ ሦስቱንም ጊዜ ሸሸ። አባቷ ያላትን አንድ በአንድ አሰበች፦ ዞሮ ጀርባውን ሰጥቶሽ ከሮጠ ፈርቶሻል።

ሾፌሩ ግንቡን ተደግፎ ያያል። አፍንጫው በብርዱ ቀልቷል።

"ልግባ?" አላት።

"ግባ" አለችው።

ፊቱ በራ። በሩን ከፍታለት እሷ ድርቆሽ ልታመጣ ወጣች። እሱ ምርኩዙን ግንቡ ላይ አስደገፈው።

"ምርኩዝህን ያዝ እንጂ!"

"በዱላ አልገባበትም" አላት። "አንቺ አበዛሽበት።"

እያነከሰ ገባ፣ እጁን ዘረጋ። "ረዳቴ! ረዳቴ! ረስተኸኛል?" ረዳት ከጥጉ ቀና አለ። ጆሮው ተነሳ። የመቀስን ዓይነት እርምጃ አልነበረም የሰማው። ፊቱን ሰጠው፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ሁለት። ሦስት።

መቀስ ከግንቡ ወዲያ ድርቆሹን ታቅፋ አየችው።

"ውጣ! ወደ ኋላ እየሄደ ነው! ውጣ!"

ሾፌሩ ዞር ብሎ ፈገግ አለላት። "ተይው፣ ጠጋ እያለልኝ ነው እኮ።"

ሲመታው ደረቱ ላይ ነው። ሰውዬው ከመሬት ተነስቶ የድንጋይ ውሃ ገንዳው ላይ በወገቡ ወደቀ። በጉ እንደገና አፈገፈገ፣ እንደገና መጣ፤ ሁለተኛው ምት ገንዳው ላይ ጭንቅላቱን አገኘው። መቀስ ግንቡን እንዴት እንደዘለለች አታውቅም፤ ሃምሳ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ግንቡ እስከ ደረቷ ነው። ገና እግሯ መሬት ሲነካ ረዳት አያትና ዞሮ ወደ ጥጉ ሮጠ።

ያኔ ገባት። በጉ አልበረደም። እሷን ፈራ እንጂ አልበረደም። ዓመቱን ሙሉ ስትፈትን የኖረችው የራሷን ዱላ ነው። ባሏን የሚያየው በቀድሞው ዓይን ነው፣ ወዳጁ ነው፣ አቻው ነው፣ ግንባር የሚገጥመው። ከእሱ ጋር አንድም ቀን አልፈተነችውም።

ሾፌሩ የመቀስ ጭን ላይ ሦስት ጊዜ ተነፈሰ። አራተኛውን ጠበቀችው፣ አልመጣም።

ከዚያ የሆነውን ስነግራችሁ አልደብቅም። ቢላዋዋን መዝዛ ወደ ጥጉ ሄደች። በጉ ድንጋዩ ላይ ተለጥፎ ይንቀጠቀጣል፣ አይሸሽም፣ አይዋጋም። ዕድሜዋን ሙሉ በአንድ ስለት ስታርድ የኖረች ሴት ያን ቀን ቢላዋው የት እንደሚያርፍ አላወቀችም። አንገቱን አለችው፣ ፊቱን አለችው፣ ትከሻውን አለችው፤ ወድቆም አልተወችውም። ክንዷ ሲዝል ነው ያቆመችው። እሷም ግንቡም ደም በደም ሆነዋል። ይቀላት እንደሆነ ጠበቀች፤ አልቀለላትም። ሥጋውን ለማንም አልሰጠችም። ጉድጓድ ቆፍራ ራሷ ቀበረችው።

ሰው ተሰበሰበ፣ ቀብር ሆነ፣ ለቀስተኛው ገባ ወጣ። ወሬው ራሱን በራሱ ሠራ፦ "መቀስ ጎተራ እያለች ሰውዬው ተደብቆ ገባ። እምቢ ብሎ። ለእንስሳ ያለው ፍቅር አሳወረው።" መቀስ ይህን አላለችም። አይደለም ብላም አላስተባበለች። ያቺ ምላሰ መቀስ ለሦስት ቀን አፏን ዘጋች፤ ሰው ሁሉ ኀዘኗ ነው አለ።

ሴት ልጇ ከከተማ መጥታለች። ነርስ ናት፤ የሰው ሞት ታውቃለች፣ የአባቷን ሞት ግን አልቻለችውም። በአራተኛው ቀን ጠዋት ለቀስተኛው ሲሳሳ ወጥ ቤት ቆማ ብርጭቆ ታጥባለች። መቀስ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች።

"እልኸኛ!" አለች ልጅቷ ድንገት። ብርጭቆውን ሳህኑ ላይ ጣለችው፣ ተሰበረ። "እልኸኛ ሽማግሌ! አንቺ ከልክለሽው፣ ሐኪም ከልክሎት፣ ዳሌው ተሰብሮ! አንድ ጊዜ እንኳ ስለ እኔ አላሰበም? ከእኔ በግ በለጠበት? ይቅር አልለውም እማዬ፣ በእውነት ይቅር አልለውም።"

መቀስ ከተሰበረው ብርጭቆ ዓይኗን አላነሳችም። ዝም ማለት ትችላለች። ማንም አላየም፤ ምስክሩ አንድ በግ ነበር፣ እሱም ተቀብሯል። ዝም ካለች ልጇ አትጠላትም። ሟቹን ነው የምትጠላው። የሞተ ሰው ደግሞ ምን ይሆናል? ይህን ሁሉ አሰበች፣ ስታስበውም አፍራ ጆሮዋ ጋለ።

"አባትሽን አትስደቢው" አለች።

"ለምን አልሰድበውም?"

"ተደብቆ አልገባም። በየቀኑ እየጠየቀኝ ነው የኖረው። በየቀኑ ገና ነው ስለው እሺ ብሎ ይመለሳል። ያን ቀን ግባ ያልኩት እኔ ነኝ። በሩን የከፈትኩለትም እኔ ነኝ።"

ልጅቷ ከነአረፋው እጇ ዞረች። ያልሰማች መሰለች። ከዚያ ቀረበችና እናቷን በጥፊ መታቻት። እርጥቡ መዳፍ ጉንጯ ላይ ጮኸ፣ የመቀስ ጭንቅላት ግድግዳውን ነካ። አባቷ መትቷታል፣ አውራ በጎች መትተዋታል፣ በር መትቷታል፤ ልጇ ስትመታት ግን ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ልጅም እናቷን አትመታም፣ የትም አገር።

"ድገሚኝ" አለቻት።

የልጅቷ እጅ ተነሳ። አየር ላይ ቆመና ወደቀ። ልጅቷ አፏን በመዳፏ ይዛ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች፤ ሁለቱንም ለቅሶ ያዛቸው፣ ግን አንዷ ወደ ሌላዋ አልሄደችም።

በጎቹ በውጭ ይጮኻሉ። የድርቆሽ ሰዓት አልፏል፣ ብርድ ደግሞ ኀዘን አያውቅም። መቀስ ግድግዳውን ይዛ ልትነሳ ስትል ልጅቷ ቀደመቻት።

"ተቀመጪ። እኔ እሰጣቸዋለሁ። አሁን ፊትሽን ማየት አልችልም።"

በሩን በርግዳ ወጣች። መቀስ ብቻዋን ሆና አዳመጠች። በመጀመሪያ የበረቱ መዝጊያ፣ ከዚያ የልጇ ስድብ፤ አባቷ የማያውቀው፣ ከእናቷ የተማረችው ስድብ ነው። ከዚያ ዱላ። በጎቹ እየተገፋፉ ወደ ድርቆሹ ሲንጋጉ ልጅቷ ትመታቸዋለች፣ ያገኘችውን ሁሉ ትመታለች። ዱላው ሱፍ ላይ ሲያርፍ ድፍ፣ አጥንት ሲያገኝ ቋ ይላል። መቀስ ስንት ዓመት ይህን ድምፅ ስታሰማ ኖራ የራሷ ስለነበር ሰምታው አታውቅም።

ተነስታ ወጣች። ጉንጯ አሁንም ያቃጥላታል። አንዲት እናት በግ በጉልበቷ ወድቃለች፣ ልጅቷ በላይዋ ዱላውን አንስታለች። መቀስ ክንዷን ያዘችው።

"አትምቻት" አለች። ይህን ቃል ከአፏ ያወጣችው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው፤ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። "በዱላ የሸሸሽ በግ ምን እንደሚያስብ አታውቂም። እኔ አላወቅሁም።"

ልጅቷ ክንዷን መነጨቀች። ዱላውን አልጣለችም፣ ነገር ግን አልመታችም። ወዳቂዋ በግ ተነስታ ከመሃላቸው አለፈች። እናትና ልጅ ተራርቀው ቆመው፣ አንዷ ከግራ አንዷ ከቀኝ፣ ድርቆሹን መዘርገፍ ጀመሩ።